ባለሜዳው የማይጫወትበት ጨዋታ

የአፍሪካ ዋንጫን ስለማዘጋጀት በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚያተኩረው በመክፈቻውና በፍጻሜው ላይ ነው። ስታዲየሙ ስንት ሺህ ሰው እንደሚይዝ፣ ጣሪያው ምን እንደሚመስል፣ የሀገር መሪዎች የሚቀመጡበት ክቡር ትሪቡን ምን ያህል እንዳማረ ይወራል። እኔ ግን አንድን አስተናጋጅ ሀገር የምመዝነው በሌላ ጨዋታ ነው፤ ይኸውም ከዋና ከተማው ርቃ በምትገኝ ከተማ፣ በሥራ ቀን፣ ሁለት የእንግዳ ሀገር ቡድኖች የሚገናኙበት የምድብ ጨዋታ ነው። መክፈቻውን በሰው መሙላት ያቃተው ሀገር እምብዛም የለም። ያንን የማክሰኞ ወይም የረቡዕ ጨዋታ መሙላት ግን ቀደም ብሎ የታሰበበት ዝግጅት፣ ለተራው ሰው የሚመች የትኬት አሸጣጥና እግር ኳስን ለእግር ኳስነቱ የሚወድ ሕዝብ ይጠይቃል።

ይህን የምለው ከስሜት ተነስቼ ብቻ አይደለም። የዛሬው የአፍሪካ ዋንጫ 24 ቡድኖች የሚሳተፉበትና 52 ጨዋታዎች የሚደረጉበት ውድድር ነው። አስተናጋጁ ሀገር እስከ ፍጻሜው ቢደርስና ዋንጫውን ቢያነሳ እንኳ የሚጫወተው ሰባት ጊዜ ብቻ ነው። የቀሩት 45 ጨዋታዎች እርሱ የሌለባቸው ናቸው። በጊዜ ከተሰናበተ ደግሞ ይህ ቁጥር ወደ 48 እና 49 ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ሀገር ውድድሩን ሲረከብ በተግባር የሚረከበው የሌሎችን ሕዝቦች ጨዋታ ነው፤ ዝግጅቱ ለራሱ ቡድን ድግስ ከመሰለው ከመነሻው ስቷል ማለት ነው።

ድሮ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ውድድሩ በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጫወቱት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥርዓቷ ምክንያት ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን የቀላቀለ ቡድን ለማቅረብ ባለመፍቀዷ ከውድድሩ ውጪ ሆነች፤ ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ጠቅላላው ውድድር በሁለት ጨዋታ ተጠናቀቀ፤ በፍጻሜው ግብፅ እኛን 4 ለ 0 ስታሸንፍ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ ነበር።

አምስት ዓመት ቆይቶ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ውድድር አራት ቡድኖችና አራት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩት። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈች በኋላ በፍጻሜው ግብፅን ገጠመች። ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነስታ ሁለት አቻ ሆነች፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች እንደገና 4 ለ 2 አሸነፈች፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የፍጻሜው ቀን ጥር 13 ነበር፤ የጥምቀት በዓል ካለፈ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላውም። ይህን ታሪክ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ወዳጅ በቃሉ ይደግመዋል። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ግን ከአራቱ ጨዋታዎች ሁለቱን የተጫወተው ባለሜዳው መሆኑ ነው። የውድድሩ ግማሽ የራሳችን ጨዋታ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ውድድር ለማድመቅ የከተማው ሰው ለራሱ ቡድን ብሎ መውጣቱ ብቻ ይበቃል።

በ1968 ውድድሩ ስምንት ቡድኖችን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ጉዳዩ መልኩን ቀየረ። አንደኛው ምድብ አዲስ አበባ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ አሥመራ ላይ ሆነ። አሥመራ የደረሷት ጋና፣ ሴኔጋል፣ ኮንጎ ኪንሻሳና ኮንጎ ብራዛቪል ነበሩ። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደችው ጋናም፣ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን የወሰደችው ኮንጎ ኪንሻሳም መጀመሪያ የታዩት አሥመራ ላይ ነው። በሌላ አነጋገር የዚያ ዓመት ሁለቱ የፍጻሜ ቡድኖች መንገዳቸውን የጀመሩት የኢትዮጵያ ቡድን ባልተጫወተበት ከተማ ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን ምድቡን በሦስት ድል ከጨረሰ በኋላ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፎ ቀረ።

በየካቲትና መጋቢት 1968 ዓ.ም. (በ1976 መሆኑ ነው) የተደረገው ሦስተኛው ዝግጅታችን ደግሞ በእኔ እምነት ከሁሉም የበለጠ ሊጠና የሚገባው ነው፤ በአደረጃጀቱ ከአፍሪካ ዋንጫዎች ሁሉ የተለየ ነበርና። አዲስ አበባ ኢትዮጵያን፣ ጊኒን፣ ግብፅንና ዩጋንዳን ስታስተናግድ፣ ድሬዳዋ ናይጄሪያን፣ ሞሮኮን፣ ዛየርንና ሱዳንን ተቀበለች። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቡድን ካለፈ በኋላ ግማሽ ፍጻሜም ሆነ ፍጻሜ አልነበረም፤ አራቱ ቡድኖች እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ብዙ ነጥብ ያገኘው ዋንጫውን እንዲወስድ ነበር የተደነገገው። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ዩጋንዳን ብታሸንፍም በጊኒ ተሸንፋ፣ ከግብፅ ጋር አቻ ወጥታ በምድቧ ሦስተኛ በመሆን ተሰናበተች። ከ18ቱ ጨዋታዎች የተጫወተችው ሦስቱን ብቻ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነቱ አደረጃጀት ለተመልካች አደገኛ ነው። አንዱ ቡድን ቀድሞ ካሸነፈ የመጨረሻው ቀን ትርጉም ያጣል፤ ሰው ትኬት ገዝቶ የሚገባው ውጤቱ የታወቀ ነገር ሊያይ ይሆናል። በዚያ ዓመት ግን ዕድል ረዳ። ሞሮኮ ሁለቱንም ጨዋታዎቿን አሸንፋ፣ ጊኒ ደግሞ አንዱን አሸንፋ በአንዱ አቻ ወጥታ በመጨረሻው ቀን ተገናኙ፤ ስለዚህ ለሞሮኮ አቻ ይበቃታል፣ ጊኒ ግን የግድ ማሸነፍ አለባት። ሸሪፍ ሱሌይማን ለጊኒ አስቆጠረ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አህመድ ባባ አቻ አደረገና ዋንጫው ወደ ሞሮኮ ሄደ። ፍጻሜ ያልነበረው ውድድር በአጋጣሚ እንደ ፍጻሜ ያለ ጨዋታ አገኘ። ይህ አደረጃጀት ከዚያ በኋላ ባለመደገሙ ደስ ይለኛል። አዘጋጅ ሀገር ሊመካበት የሚገባው በዕድል አይደለም፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ተመልካቹ የሚመጣበት ምክንያት እንዲኖር አድርጎ በተሠራ መርሐ ግብር ነው።

ከዚያ በኋላ ውድድሩ እየሰፋ መጣ። በ1992 ወደ 12፣ በ1996 ወደ 16፣ በ2019 ወደ 24 ቡድን አደገ። በ16 ቡድን ዘመን የምድቡ ሒሳብ ግልጽ ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ ያልፋሉ፣ ሁለቱ ይሰናበታሉ፤ በ24 የምድብ ጨዋታ ስምንት ቡድን ይወጣል። ዛሬ ግን ከስድስቱ ምድቦች ሁለት ሁለት ቡድን ካለፈ በኋላ አራት ምርጥ ሦስተኞች ይጨመራሉ። ስምንት ቡድን ለማሰናበት 36 ጨዋታ ይደረጋል ማለት ነው። በ12 ጨዋታ ብልጫ የሚሰናበተው ቡድን ቁጥር ግን አንድ እንኳ አልጨመረም። ይህ አደረጃጀት የብዙ ጨዋታዎችን ክብደት ያቃልላል፤ ለተመልካቹም የምድቡ ሁለተኛ ጨዋታ ሲደርስ ነገሩ ገና እንደሆነ ይሰማዋል።

ሆኖም የ24ቱን ቡድን ውድድር ጨርሼ አልነቅፍም። ኮሞሮስ፣ ሞሪታኒያ፣ ማዳጋስካርና ጋምቢያ የአፍሪካን ዋንጫ መድረክ የረገጡት በዚህ ዘመን ነው። ማዳጋስካር በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ ሩብ ፍጻሜ መድረሷን፣ ጋምቢያም ተከትሎ በመጣው ውድድር ያንኑ መድገሟን ያየ ሰው በሩን መልሳችሁ ዝጉ ለማለት አንደበቱ አይደፍርም። ደግሞም ምርጥ ሦስተኛ የሚባለው ነገር የሚያመጣውን ጉድ በ2024 መጀመሪያ አይቮሪ ኮስት ላይ አይተናል። ባለሜዳዋ ጊኒ ቢሳውን 2 ለ 0 አሸንፋ ጀመረች፤ በናይጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከዚያ በራሷ ሕዝብ ፊት በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተዋረደች። አሰልጣኟ ዣን ሉዊ ጋሴ ተሰናበቱ። ሦስት ነጥብና ሦስት የግብ ዕዳ ይዛ፣ የሌሎች ምድቦች ውጤት እስኪታወቅ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረባት፤ በመጨረሻም ሞሮኮ ዛምቢያን 1 ለ 0 በማሸነፏ አለፈች። ከዚያ በኋላ በኤመርስ ፋኤ መሪነት ሴኔጋልን፣ ማሊንና ዲሞክራቲክ ኮንጎን አሸንፋ በፍጻሜው ናይጄሪያን 2 ለ 1 በመርታት ዋንጫውን ወሰደች።

ይህ ታሪክ ውብ ነው፤ ከአዘጋጅነት አንጻር ግን ሌላ ትምህርት አለው። ሞሮኮ ባታሸንፍ ኖሮ ባለሜዳዋ ከጥሎ ማለፉ በፊት ከውድድሩ ትወጣ ነበር፤ ታዲያ ከዚያ በኋላ ያሉትን 16 ጨዋታዎች ማን ይመለከታቸው ነበር? መልሱን ከአምስት ዓመት በፊት ግብፅ ሰጥታናለች። በ2019 ግብፅ ውድድሩን የተረከበችው ካሜሩን ተነጥቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። 75 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው የካይሮ ስታዲየም ሞሐመድ ሳላህ በተጫወተ ቁጥር ጢም ብሎ ይሞላ ነበር፤ ሌሎቹ ጨዋታዎች ግን ብዙ ባዶ ወንበር ነበራቸው። ደቡብ አፍሪካ ባለሜዳዋን በጥሎ ማለፉ 1 ለ 0 አሸንፋ ስታሰናብታት የሀገሬው ሰው ስሜት አብሮ ተሰናበተ። በዚያ ላይ ተመልካቹ ትኬት ለመግዛት አስቀድሞ በበይነ መረብ ተመዝግቦ የደጋፊ መታወቂያ ማውጣት ነበረበት። ለፀጥታ ሲባል የወጣው ይህ አሠራር ለዋናው ጨዋታ የሚጓጓውን ሰው አያግደውም። የሚያስቀረው ከሥራ ሲወጣ ድንገት «እስቲ ዛሬ ማሊን ልያት» ብሎ ሊገባ የሚችለውን ሰው ነው፤ እኔ የምቆረቆርለትም እርሱ ነው።

ባለሜዳው በሌለበት ስታዲየም ድምቀት ከየት ሊመጣ እንደሚችል ያየነው በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ያደረጉት ከጆሃንስበርግ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ኔልስፕሩት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያንን ርቀት አቋርጠው ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለበሱት። በቴሌቪዥን የተመለከትን ሰዎች ጨዋታው አዲስ አበባ ላይ ያለ እስኪመስለን ድረስ ነበር። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት ከወንበሩ ሁሉ የወጣው ድምፅ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ተጎድቶ በቃሬዛ እየወጣ ቀይ ካርድ ሲመዘዝበት የተነሳው ቁጣ፣ ዛምቢያ ካስቆጠረች በኋላ የወረደው ዝምታ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ በአሥር ሰው ሲጫወት ለነበረው ቡድናችን አቻ ሲያደርግ የሆነው ሁሉ እስካሁን በጆሮዬ አለ። በዚያ ቁጣ ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ መወርወሩ ግን የሚያስመሰግን አልነበረም፤ ተጫዋችም ዳኛም ሊጎዳ ይችል ነበር፤ ለቡድኑም ተጨማሪ ጣጣ ከማምጣት በቀር የፈየደው የለም።

በዚያው ምሽት በዚያው ሜዳ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ተከታትለው ተጫወቱ። በአንድ ቀን በአንድ ስታዲየም ሁለት ጨዋታ ማድረግ የቆየ የአፍሪካ ዋንጫ ልማድ ሲሆን፣ ለሜዳው ሣር ፈተና ቢሆንም ለተመልካች የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ያኛውን ቡድን ብሎ የመጣው ሰው ይኸኛውንም ያያል። የኔልስፕሩት ሜዳ በአሸዋማነቱ ክፉኛ እንደተተቸ አልዘነጋሁም። ቢሆንም መለስተኛ ከተማ ላይ የሚደረግን ጨዋታ ከባዶነት ለማዳን ከዚህ የተሻለ ቀላል ዘዴ አላውቅም፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ይህን ልማድ ጨርሶ እንዲተው አልመኝም።

ስለ ተመልካች ስናወራ ስለ በሩ መናገር ግድ ነው። ጃንዋሪ 24 ቀን 2022 ያውንዴ በሚገኘው ኦሌምቤ ስታዲየም ካሜሩን ከኮሞሮስ ጋር በጥሎ ማለፉ ስትጫወት በደቡባዊው መግቢያ በተፈጠረ መረጋገጥ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር ተናገሩ። በዚያ ውድድር በኮሮና ምክንያት የካሜሩን ጨዋታ ከስታዲየሙ 80 በመቶ በላይ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ሰው እንዳያስገቡ ተወስኖ ነበር፤ ተመልካቹም የክትባትና የምርመራ ማስረጃ ማሳየት ነበረበት። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ፣ 60 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ተገንብቶ፣ ሰው የሞተው በአንድ በር ምክንያት ነው። ከሟቾቹ መካከል ሕፃን ልጅም ነበር። ለዚህ ነው የስታዲየም ፎቶግራፍ ሲለጠፍልኝ መጀመሪያ የምፈልገው መግቢያዎቹን የሆነው፤ ስንት ናቸው፣ በመካከላቸው ምን ያህል ርቀት አለ፣ ፊት ለፊታቸው ሰው ሳይጨናነቅ ሊሰለፍ የሚችልበት ሜዳ አለ ወይ?

ቅርባችን ያለው ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ በነሐሴ 2025 የቻን ውድድርን (በየሀገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር) በጋራ ሲያዘጋጁ ናይሮቢ የሚገኘው ካሳራኒ ስታዲየም በኬንያ ጨዋታዎች ትኬት በሌላቸው ሰዎች ተጥለቀለቀ። ካፍ በዚህ የተነሳ ቅጣት ከመጣሉም በላይ ኬንያ ከዛምቢያ በምታደርገው ጨዋታ ከ27 ሺህ ሰው በላይ እንዳይገባና ትኬቱም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። እነዚሁ ሦስት ሀገሮች የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያዘጋጃሉ። የሕዝቡ ጉጉት የሚያስደስት ነው፤ ምሥራቅ አፍሪካ እግር ኳስ አይወድም የሚለውን የቆየ ሐሜት ከሥሩ ነቅሎታል። በሦስት ሀገር መደረጉም ከአደረጃጀት አንጻር አንድ በጎ ነገር አለው፤ ሦስቱም ቢሳተፉ ከ36ቱ የምድብ ጨዋታዎች ዘጠኙ ባለሜዳ የሚጫወትባቸው ይሆናሉ። ነገር ግን የቀሩት 27ቱ እንዴት እንደሚሞሉና በሮቹ እንዴት እንደሚያዙ አሁኑኑ ካልታሰበበት ካሳራኒ የሆነው መደገሙ አይቀርም።

ተመልካቹን ከሚጎዱ ነገሮች መካከል የአስተናጋጅ መለዋወጥም አለ። የ1996ቱ ውድድር ከኬንያ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ የ2000ው ከዚምባብዌ ወደ ጋናና ናይጄሪያ፣ የ2013ቱ ከሊቢያ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ የ2015ቱ ከሞሮኮ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ የ2019ኙ ከካሜሩን ወደ ግብፅ፣ የ2025ቱ ከጊኒ ወደ ሞሮኮ ተዛውሯል። ምክንያቱ አንድ ጊዜ ጦርነት፣ አንድ ጊዜ የኢቦላ ሥጋት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የዝግጅት መጓተት ነው። ሁሉም ምክንያት ይኖረዋል፤ ውጤቱ ግን ከዳካር ወይም ከሉሳካ ገንዘብ አጠራቅሞ ቡድኑን ተከትሎ ለመጓዝ የሚያስብ ደጋፊ አስቀድሞ ማቀድ አለመቻሉ ነው። የእንግዳ ሀገር ደጋፊ ካልመጣ ደግሞ ያ የማክሰኞ ጨዋታ በሀገሬው ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ ይወድቃል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የኢትዮጵያ ስታዲየሞች በ2021 የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ከታገዱ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ለዓመታት በሰው ሀገር ሲያደርግ ቆይቷል። በሰኔ 2022 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያስቆጠሯቸው እነዚያ ግቦች አዲስ አበባ ላይ ተቆጥረው ቢሆን የስታዲየሙ የተመልካች ቦታዎች ካታንጋ፣ ሚስማር ተራና ከማን አንሼ ምን ይሆኑ እንደነበር ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል። ከ1957 ጀምሮ ከግብፅ ጋር ያለን የእግር ኳስ ታሪክ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ያ ድል ምን ያህል እንደነበር ይገባዋል፤ ነገር ግን የአንድ ትውልድ ልጆች ብሔራዊ ቡድናቸውን በአካል ሳያዩ አድገዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ ሊሰጠን የነበረው የ2020ው የቻን ውድድር ዝግጅቱ ባለመድረሱ ወደ ካሜሩን ሄዷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ኢትዮጵያ በጥቅምት 2024 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት እንደምትፈልግ በይፋ ገልጻለች። ካፍ ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ከ2028 በኋላ በየአራት ዓመቱ እንደሚደረግ ስላስታወቀ ዓመቱ ሊቀየር ይችላል። ጥያቄውን እደግፋለሁ። 60 ሺህ ያህል ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም እንዲያልቅ እመኛለሁ። ግን የምመኘው ዝግጅት በእርሱ የሚጀመርና የሚያልቅ አይደለም።

አንዳንድ የምንጀምርባቸው ጥሩ ነገሮች አሉን። አዲስ አበባ ከአፍሪካ ዋና ዋና ከተሞች አብዛኞቹ ጋር በቀጥታ በረራ የተገናኘች ናት፤ የብዙዎቹ ሀገሮች ኤምባሲም እዚሁ አለ፤ ስለዚህ የእንግዳ ሀገር ደጋፊ ለመምጣት ከእኛ የተሻለ አማራጭ የሚያገኘው በጥቂት ሀገሮች ነው። የአየር ጠባዩም ያግዛል። የአፍሪካ ዋንጫ በሰኔና በሐምሌ ቢደረግ በእኛ ክረምት ነውና ለሜዳም ለተመልካችም አይሆንም፤ በጥር ከሆነ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሜዳው ደረቅ ነው። የቀደሙት ሁለቱ ዝግጅቶቻችንም የተደረጉት በጥር ነበር።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ ሕዝብ የራሱ ያልሆነን ቡድን ማየት የለመደ ሕዝብ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ የሚያሳዩ ቤቶች ውስጥ የሚታየውን ማስተዋል ይበቃል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ፣ ከፍሎ ገብቶ፣ ለንደንና ማንቸስተር ላይ ለሚደረግ ጨዋታ የሚጮኸው ሰው ድሬዳዋ ላይ አይቮሪ ኮስትና አልጄሪያ ቢጫወቱ አይመጣም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። በቴሌቪዥን ብቻ የሚያያቸውን ተጫዋቾች በዓይኑ ሊያይ ነው። የሚያስቀረው የሚሸጠው ትኬት እጁ ካልገባ፣ ከገባም ዋጋው ከአቅሙ በላይ ከሆነ፣ ወይም ማታ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ታክሲ ካጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ኮሚቴ የምናገርበት ዕድል ባገኝ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ምድቦቹ እንደ 1976ቱ ድሬዳዋ በአንድ ከተማ ይርጉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት መደረግ ስላለባቸው አንዱ ብቻ ወደ ጎረቤት ከተማ ይሂድ። እንዲህ ሲሆን የሐዋሳ ወይም የባሕር ዳር ሰው አንድን እንግዳ ቡድን ሁለት ጊዜ አይቶ ይለምደዋል፣ የተጫዋቾቹን ስም ይይዛል፣ የእኔ ነው ይለዋል፤ የእኛ ከተሞች እንግዳን እንዴት እንደሚቀበሉ ደግሞ መናገር አያስፈልገኝም። ትኬቱ በስልክ መሸጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጨዋታ የተወሰነው ክፍል በከተማው ውስጥ በሚገኙ ባንኮችና ፖስታ ቤቶች በጥሬ ገንዘብ ይሸጥ፤ ስማርት ስልክ የሌለው የዕድሜ ባለጸጋ ደጋፊ በ1976 ድሬዳዋ ላይ ናይጄሪያን አይቶ ከሆነ ዘንድሮም የማየት መብት አለው። ባለሜዳው የማይጫወትባቸው ጨዋታዎች ዋጋ ከባለሜዳው ጨዋታ በብዙ ይነስ። ለትምህርት ቤቶችና ለወጣት ቡድኖች የሚሰጥ ቦታ አስቀድሞ ይለይ እንጂ ወንበሩ ባዶ መሆኑ በካሜራ ሲታይ በመጨረሻው ሰዓት ተማሪ በአውቶቡስ አይጫን። የስታዲየሙ በሮች ደግሞ ውድድሩ ከመጀመሩ ከወራት በፊት በሀገር ውስጥ ሊግ ጨዋታ፣ በእውነተኛ ሕዝብ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ይፈተኑ፤ ለእያንዳንዱ በር ቁልፉን የሚይዝ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ኃላፊ ይመደብለት።